እማዬ በአፍንጫ ነው ኦፕራሲዮን የምትደረገው አሉን፣ ይሄ ነገር ቤቱ የገባ ሰው አለ?

የደብረብርሃኗ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰአት

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው የምጽፈው ይቅርታ፣ የማማክረው ሰው አጥቼ ነው።

እማዬ 54 አመቷ ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ አንድ ነገር አየንባት ግን ምን እንደሆነ አልገባንም። ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ላይ 6 ሲኒ ትደረድራለች፣ መሃል ያሉትን ትሞላለች፣ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ያሉትን ባዶ ትተዋቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን ረስታ ነው አልን። ከዛ በየቀኑ ሆነ። አክስቴ አንድ ቀን "ምነው እቴ፣ ለኛ አይደርሰንም ወይ" ስትላት እማዬ ደነገጠች፣ ሲኒዎቹን ያየቻቸው ግን ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ ጎን አዙራ ነው። ቀጥሎ የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታት ጀመር፣ መንገድ ስትሻገር ከጎን የሚመጣ ባጃጅ አይታየኝም አለች። እርጅና ነው አልናት፣ እሷም አመነችን።

መነጽር ቤት ወሰድኳት፣ መነጽር ታዘዘላት፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ ሌላ መነጽር። ሁለቱም ምንም አልፈየዱም። በመጨረሻ አንድ የአይን ሐኪም ፊት ለፊቷ ተቀመጠና አንድ አይኗን አሸፍኖ ጣቱን ከጎን እያወዛወዘ "ይታይሻል?" "አይ" "አሁንስ?" "አይ"፣ ጣቱ አፍንጫዋ ትይዩ ሲደርስ ነው "አሁን አየሁት" ያለችው። እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዛው ቀን ኤምአርአይ ጻፈልን። ውጤቱ ከአንጎል ስር ያለ የፒቱታሪ ዕጢ፣ 2.8 ሳንቲ ሜትር፣ የአይን ነርቩን ከስር ገፍቶታል ይላል።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባልን። ኒውሮሰርጀኑ (የአንጎል ኦፕራሲዮን ሐኪሙ) ረጋ ብሎ ነው ያስረዳን፣ እኔ ግን እውነቱን ልናገርና "በአፍንጫ" ካለ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ጭንቅላቷ አይከፈትም፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ገብተን ነው የምናወጣው አለ። ቤት ስንገባ ቤተሰቡ ሶስት ቦታ ተከፈለ። አጎቴ የአንጎል ዕጢ በአፍንጫ ወጣ ሲባል የት ሰማችሁ፣ ሊለማመዱባት ነው ይላል። አክስቴ መጀመሪያ ጸበል ትጠመቅ ትላለች። ሌሎቹ ብር እናዋጣና ህንድ ትሂድ ይላሉ። እማዬ ዝም ብላ ሁላችንንም ተራ በተራ ታየናለች። ቀጠሮው 3 ሳምንት ነው የቀረው። እውነት በአፍንጫ ይሰራል ወይ? የተሰራ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የቡልጋው_ሜሪላንድ
ሰኞ፣ ከለሊቱ 6 ሰአት

እህቴ አይዞሽ። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ በአፍንጫዬ ከተሰራሁ 6 አመት ሞላኝ፣ የደረሰብኝን ነው የምነግርሽ።

የኔ ዕጢ አይን አልነካም፣ የእድገት ሆርሞን እያመረተ ነበር። የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ ብሎ ወርቅ ቤት ሄጄ ነው ያስቆረጥኩት። ጫማዬ ከ42 ተነስቶ 45 ገባ። ወፈርኩ ነው ያልኩት። ከ8 አመት በኋላ ሀገር ቤት ስገባ እናቴ ኤርፖርት በር ላይ አየችኝና አልፋኝ ሄደች፣ "እማማ" ብዬ ስጠራት በድምጼ ነው የለየችኝ። ፊቴ ተለውጧል፣ አገጬ ወጥቷል፣ ጥርሴ መሃል ክፍተት ሆኗል፣ በየቀኑ የሚያየኝ ሰው ግን አንዱም አላስተዋለም። ስመለስ አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት የድሮ ፎቶህን አሳየኝ ያለችኝ፣ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁላት፣ አየችውና ወዲያው የደም ምርመራ አድርግ አለችኝ። ከዛ ኤምአርአይ፣ ከዛ ኦፕራሲዮን።

ኒውሮሰርጀኑና የአንገት በላይ ሐኪሙ አንድ ላይ ነው የገቡት። ስነቃ መጀመሪያ ጭንቅላቴን ዳሰስኩ፣ ጸጉሬ እንዳለ ነው፣ ስፌት የለም። እምብርቴ አጠገብ ግን ትንሽዬ ስፌት አለች፣ ከሆዴ ስብ ወስደው ቀዳዳውን ደፍነውበታል። በ4ኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ቀላል ነው ግን አልልሽም። ለሁለት ሳምንት አፍንጫ ድፍን ነው፣ በአፍ ስትተነፍሺ አፍሽ እንደ ቆዳ ይደርቃል፣ እንቅልፍ የለም። ለአንድ ወር ያህል ሽታ የሚባል ጠፋብኝ። የሽሮው ሽታ የመጣልኝ ቀን ሚስቴን ከጓዳ ጠርቼ ነገርኳት።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልንገርሽ፣ እናትሽ እንዳይደግሙት። ጎንበስ አትበል፣ ከባድ አታንሳ፣ አታምጥ ተብዬ ነበር። 5ኛ ሳምንቴ ላይ ስቅለት ደረሰ። ደህና ነኝ ብዬ ቤተክርስቲያን ሄጄ መስገድ ጀመርኩ። ሰላሳ ያህል እንደሰገድኩ ከቀኝ አፍንጫዬ ጠብ አለ፣ ጋቢዬ ጠርዝ ላይ። ጉንፋን መሰለኝ፣ ግን ውሃ ነው፣ ንጹህ ውሃ፣ አይወፍርም አያጣብቅም፣ ጉሮሮዬ ላይ ጨው ጨው አለኝ። ቀና ስል ይቆማል፣ ጎንበስ ስል ጠብ ይላል። ለካ የአንጎል ፈሳሽ ነው። በዛው ማታ ኢመርጀንሲ ገባሁ፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተሰራሁ፣ ወገቤ ላይ ቱቦ ገብቶልኝ 4 ቀን አልጋ ላይ። ቶሎ ስለመጣህ ነው ማጅራት ገትር ሳይይዝህ የተረፍከው አሉኝ። የንስሐ አባቴ በኋላ ሲሰሙ "ለታመመ ሰው ስግደት ማን አዘዘብህ" ብለው በጣም ተቆጡኝ።

ዛሬ ሆርሞኔ ልኩ ላይ ነው፣ ጣቴ ቀጭኗል፣ አዲስ ቀለበት አሰርቻለሁ። አጥንቱ ግን አይመለስም፣ አገጬ እንደወጣ ነው የቀረው፣ ጫማዬም 44 ላይ ቆሟል። ቶሎ ብሄድ ኖሮ የሚለው ሁሌም ውስጤ አለ።

መርካቶ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰአት

ይማርልሽ እህት። ግን ሌላውንም ወገን ስሚ። የጎረቤታችን ልጅ በአፍንጫ ተሰርቶ ዕጢው ሙሉ ለሙሉ አልወጣም፣ ከ2 አመት በኋላ ጭንቅላቱን ከፍተው ነው የደገሙት። አባቱ መጀመሪያውኑ ለምን አልከፈቱትም እያለ እስካሁን ይቃጠላል። በጠባብ ቀዳዳ ገብተህ ሁሉን ታያለህ ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። አንጎል ነው እኮ። የማያስፈራ አስመስሎ ማውራት ጥሩ አይደለም።

ኒውሮ_ሬዚደንት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰአት

ሁለታችሁም የጻፋችሁት እውነት ነው። እኔ የኒውሮሰርጀሪ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻላይዜሽን እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ፣ የእናትሽን ፊልም ስላላየሁ በሳቸው ጉዳይ ፍርድ አልሰጥም፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ግን ላስረዳሽ።

ፒቱታሪ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ዕጢ ናት፣ ጤነኛዋን ማለቴ ነው፣ ሁሉም ሰው አለችው። የምትቀመጠው የራስ ቅል ወለል ላይ ባለች ኮርቻ በምትመስል ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ነው። እሷ የአንጎል መሃል ላይ ናት ስንል ሰው የሚመስለው ከላይ መግባት ነው፣ ግን ከስሯ ያለው ባዶ ቦታ ነው፣ የአፍንጫ የኋላው ሳይነስ። የአፍንጫሽ ኮርኒስ ለአንጎልሽ ወለሉ ነው። ጣራ አንስተሽ፣ አንጎሉን ገፋ አርገሽ፣ በአይን ነርቭና በደም ስር መሃል እጅሽን አሳልፈሽ ከምትደርሺባት በታችኛው በር ብትገቢ አንጎሉን ሳትነኪ ትደርሻለሽ። ለአጎትሽ ይሄን ንገሪያቸው። አንጎል በአፍንጫ አይወጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደውም የአንጎሉን ፈሳሽ የያዘውን ስስ ሽፋን አንከፍተውም።

ኢንዶስኮፑ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ሌንስ አለው፣ ምስሉ ትልቅ ስክሪን ላይ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚያየውም አለ፣ ወደ ጎን 30 ዲግሪ የሚያየውም አለ፣ ስለዚህ ጥግ ዞሮ ማየት ይቻላል። ብዙ ቦታ አንዱ ሐኪም ካሜራውን ይይዛል፣ ሌላው በሁለት እጁ ይሰራል፣ አራት እጅ በሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ማለት ነው። አጥንቱ በቀጭን ድሪል ይከፈታል፣ ከአጥንቱ ቀጥሎ ያለው የዕጢዋ ጎድጓዳ ሽፋን ይቀደዳል፣ ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ በትንንሽ ማንኪያ መሳይ መሳሪያ ተጠርጎ ይወጣል። መርካቶ_ልጅ ያለው አደጋ እዚህ ጋር ነው ያለው፣ በግራና በቀኝ፣ በሚሊሜትር ርቀት፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሁለቱ ትልልቅ የካሮቲድ ደም ስሮች ያልፋሉ። ለዛ ነው ሲቲ ስካንና ኤምአርአዩን ኮምፒውተር ላይ ጭነን በናቪጌሽን የት እንደደረስን እያየን የምንሄደው፣ አንዳንድ ቦታ በዶፕለር የደም ስሩን ድምጽ ሰምተው ነው የሚቆርጡት። ዕጢው ካሮቲዱን አልፎ ወደ ጎን ከሄደ ወይም ደም ስሩን ከከበበ ያ ክፍል ሆን ተብሎ ይተዋል፣ ሰውየውን ከመግደል ትንሽ ዕጢ መተው ይሻላል። የቀረው በኤምአርአይ ይታያል፣ ካደገ በጨረር ወይም በድጋሚ ኦፕራሲዮን ይታከማል። ከላይ መከፈት ያለባቸው ዕጢዎችም ዛሬም አሉ። የጎረቤታችሁን ልጅ በተመለከተ የመጀመሪያው ሐኪም አጠፋ ብዬ መናገር አልችልም፣ ለአባቱ ግን ሐዘኑ ይገባኛል።

"ሊለማመዱባት" ለሚለው ደግሞ፣ ይሄ አዲስ ሙከራ አይደለም። በአፍንጫ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰራው በ1907 ነው (የምጠራቸው አመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ኢንስብሩክ ኦስትሪያ፣ ሐኪሙ ሽሎፈር ይባላል፣ ያኔ አፍንጫውን ከውጭ ቆርጦ ወደ ጎን ገልብጦ ነው የገባው። በ1910 ቪየና ላይ ሂርሽ የሚባል የአፍንጫ ሐኪም ፊት ሳይቆረጥ በውስጥ በኩል መግባት ቻለ። ቦስተን የነበረው ትልቁ ኩሺንግ ከላይኛው ከንፈር ስር እየገባ ከ200 በላይ ሰው ሰራ፣ ከዛ ተወውና ጭንቅላት ወደ መክፈት ተመለሰ፣ አለምም ተከተለው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኖርማን ዶት የሚባል ወጣት ከኩሺንግ ተምሮ ኤድንብራ ሲመለስ መምህሩ የተወውን እሱ አልተወም። ከዶት ፓሪስ ያለው ጊዮ ተማረ፣ ከጊዮ ሞንትሪያል ያለው ሃርዲ ተማረና በ1960ዎቹ ማይክሮስኮፕ ጨመረበት። ለሰላሳ አመት ገደማ ይሄ እውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ነው የቆየው፣ ዶት ባይኖር ዛሬ ለእናትሽ ምናልባት ጸጉር መላጨትና አጥንት መክፈት ነበር የሚነገራቸው። በ1990ዎቹ ፒትስበርግ ላይ ጆ እና ካራው የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ማይክሮስኮፑን ትተው በኢንዶስኮፕ ብቻ መስራት ጀመሩ።

ትልቁ ራስ ምታት የቡልጋው ላይ የደረሰው ነው፣ የፈሳሽ ማፍሰስ። መክፈቱን አውቀነው መዝጋቱን አናውቀውም ነበር። በ2006 ከአርጀንቲና ሮዛሪዮና ከፒትስበርግ የወጣ ዘዴ ነው ነገሩን የለወጠው፣ ከአፍንጫ መሃል ግድግዳ ላይ ቆዳውን ከነደም ስሩ ልጠው ቀዳዳው ላይ ያለብሱታል፣ ደም ስለሚያገኝ እንደ ችግኝ ይይዛል። ትልቅ ቀዳዳ በሚከፈትባቸው ኦፕራሲዮኖች ከ20 በመቶ በላይ ይደርስ የነበረው ማፍሰስ ወደ 5 በመቶ አካባቢ የወረደው ከሱ በኋላ ነው። ከዛ ወዲህ ነው ፒቱታሪን አልፈው ሌሎች የራስ ቅል ወለል ዕጢዎችንም በድፍረት በአፍንጫ ማውጣት የጀመሩት።

የደብረብርሃኗ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰአት

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ኮርኒሱ ወለሉ ነው" የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ህንድ ብትሄድ ይሻላል? ጸበሉስ?

ኒውሮ_ሬዚደንት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰአት

ውጭ ጥሩ የሚሰሩ አሉ፣ እዚህም የሚሰሩ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ በርገን እገዛ የኒውሮሰርጀሪ ስልጠና የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት በሀገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ዛሬ እኛ እዚሁ ተምረን እየወጣን ነው። የትም ይሁን የት ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቂው፣ ይሄን ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሰርተሃል፣ የአንገት በላይ ሐኪም አብሮህ ይገባል ወይ፣ ቢያፈስ ምን ታደርጋለህ፣ ሆርሞኗን ማን ይከታተላታል። ጥሩ ሐኪም ይሄ ጥያቄ አያስከፋውም። እኔ ስለ ህንድ የምሰጋው ኦፕራሲዮኑን አይደለም፣ በ10ኛ ቀናቸው ተመልሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሶዲየማቸው (የደማቸው ጨው) ቢወርድ ማን ያውቃል የሚለውን ነው። ለዛውም ብር እስኪዋጣ፣ ቪዛ እስኪመጣ ስንት ወር? የአይን ነርቭ ተጭኖ በቆየ ቁጥር ይሞታል፣ የሞተውን ማንም አይመልሰውም። ለእናትሽ ጠላታቸው ጊዜ ነው።

ጸበሉን አልከለክልም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ቀጠሮው ግን እንዳያልፍ።

ሌላ፣ የፕሮላክቲን፣ የጡት ወተት ሆርሞኑ፣ ምርመራ መሰራቱን አረጋግጪ። አንድ አይነት የፒቱታሪ ዕጢ አለ፣ ትልቅ ቢሆን እንኳን በኪኒን የሚሟሽሽ። ሳይመረመር ኦፕራሲዮን መግባት የለበትም።

ስደተኛዋ_ሪያድ
ረቡዕ፣ ከለሊቱ 8 ሰአት

ይቅርታ በናንተ ክር ገብቼ። ስራ ጨርሼ ነው ያነበብኩት። ዶክተር የመጨረሻው የጻፍከው ነገር አስደነገጠኝ። እኔ 26 አመቴ ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ፔሬድ ከቀረብኝ 11 ወር ሆኖኛል፣ ራሴን ያመኛል፣ እና ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፣ ከጡቴ ወተት ይመጣል። ወንድ አላውቅም፣ እምልላችኋለሁ። ማታ ማታ ጨርቅ አድርጌ ነው የምተኛው፣ ልብሴን ለብቻ ነው የማጥበው፣ ማዳሜ ካየች አርግዘሻል ብላ ለፖሊስ እንዳትሰጠኝ። ጸሎት ብቻ ነው የያዝኩት። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ኒውሮ_ሬዚደንት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1 ሰአት

እህቴ በጣም ሊገናኝ ይችላል፣ እና አንቺ ምንም ያጠፋሽው ነገር የለም። ፕሮላክቲን ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን ነው፣ ከፒቱታሪ ነው የሚመጣው፣ ሲበዛ ያላረገዘችን ሴት ወተት ያመጣባታል፣ ፔሬዷን ያቆምባታል። አንዳንድ የጨጓራ፣ የማቅለሽለሽና የአእምሮ መድሃኒቶችም ያመጡታል፣ የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ፣ ስለዚህ የምትወስጂው ኪኒን ካለ ለሐኪም ንገሪ። የሚያስፈልግሽ መጀመሪያ አንድ የደም ምርመራ ነው፣ ፕሮላክቲን፣ ከታይሮይድና ከእርግዝና ምርመራ ጋር። የእርግዝናው ምርመራ ደግሞ እንደውም ወረቀቱ ይጠብቅሻል። ክሊኒክ ስትሄጂ "ራሴን ያመኛል፣ ፔሬድ ቀርቶብኛል" ብለሽ ጀምሪ፣ ወተቱን ለሐኪሟ ለብቻዋ ንገሪያት። አይንሽ ከጎን መጋረድ ከጀመረ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ በዛው ቀን ሂጂ። ዕጢ ቢሆን እንኳን አብዛኛው በኪኒን ነው የሚድነው፣ ካበርጎሊን ይባላል፣ በሳምንት ሁለቴ የሚዋጥ።

የደብረብርሃኗ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰአት

የኔ እህት አንቺን ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ለእማዬ ነገርኳት ስላንቺ፣ ስምሽን ጠየቀችኝ፣ በጸሎት ላስባት አለች። ሪያድ ያላችሁ ልጆች እባካችሁ አንዷ አብራት ትሂድ።

የማታ_ሲስተር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰአት

እኔ ኒውሮ ዋርድ የማታ ተረኛ ነርስ ነኝ፣ ሐኪሞቹ የማይነግሩሽን የአስታማሚ ስራ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለሊት 9 ሰአት ላይ እናትሽ አጠገብ የምትሆኚው አንቺ ነሽ።

የ2 ሊትር ሀይላንድ ሁለት ያዢ፣ አንዱ ለሚጠጡት አንዱ ለሽንታቸው፣ በማርከር ምልክት አድርጊበት። ፒቱታሪ ሲነካ ውሃ የሚቆጥበው ሆርሞን ሊቋረጥ ይችላል፣ ያኔ ሽንቱ እንደ ውሃ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ በሰአት የሀይላንዱን ሩብ ሊደርስ ይችላል፣ ጥሙም አይጣል ነው። ሁለት ሰአት ተከታትሎ እንደዛ ከሆነ እንዳታፍሪ፣ ቀስቅሺን። መድሃኒት አለው። ሰው ሁሉ ቤት ከገባ በኋላ ደህና ነው ብሎ ይዘናጋል፣ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ግን ሶዲየም ሊወርድ ይችላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ነገር ከተምታታባቸው ወዲያው ሆስፒታል፣ ቢያንስ በሳምንቱ ደም ተወስዶ ይታይ።

ትራስ ከፍ ይበል። አፍንጫ መናፈጥ ክልክል። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ። በስትሮ መጠጣት አይቻልም። ሆድ እንዳይደርቅ ተልባ፣ ፓፓያ፣ ሐኪሙም የሚያለሰልስ ይጽፋል፣ ማማጥ የተደፈነውን ይገፋዋል። ጸበል ፊታቸው ላይ እንዳይረጭ፣ በአፍንጫ እንዳይገባ፣ ሐኪሙ ፈቀድኩ እስኪል። አፍንጫ ማጠቢያ የጨው ውሃ የሚታዘዘው የራሱ ጊዜ አለው፣ በቧንቧ ውሃ አታድርጉት።

አሁን በጣም የምለምንሽ አንድ ነገር። ኮርቲዞን ኪኒን ከታዘዘላቸው አንድ ቀን እንኳን እንዳይዘሉት። የጾም ሰሞን ስንቱን አየን፣ እስከ 9 ሰአት እጾማለሁ ብሎ የጠዋቱን ትቶ፣ ተዝለፍልፎ በሸክም የሚመጣ። ሰውነት ያለዚያ ሆርሞን ደም ግፊቱን መያዝ አይችልም። የንስሐ አባታቸውን ከአሁኑ አነጋግሪ፣ መድሃኒት ጾም አይሽርም ብለው ራሳቸው ይንገሯቸው፣ ከኛ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ትኩሳት ካለ መጠኑ ይጨመራል፣ እንዴት እንደሚጨመር ከሆስፒታል ሳትወጪ በወረቀት አስጽፊ።

የናቲ_እናት
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7 ሰአት

እኔ ከሀዋሳ ነኝ፣ ልጄ ሲወለድ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ነበረው፣ በ3 ወሩ ሻንት፣ ውሃውን የሚያወርድ ቱቦ፣ ተገባለት። በ2 አመት ውስጥ ሁለቴ ተዘጋ። ሁለተኛው ጊዜ ለሊት ነው፣ ማስመለስ ጀመረ፣ አይኑ ወደ ታች ተሰካ፣ መኪና እስክናገኝ ድረስ ደረቴ ላይ ይዤው የጭንቅላቱን እርግብግቢት በእጄ ስነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ተረፈልኝ ተመስገን። በካሜራ ያለ ሻንት የሚሰራ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ የናንተው አይነት ነው?

ኒውሮ_ሬዚደንት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5 ሰአት

የናቲ እናት፣ ያንን ለሊት ብቻሽን ስላሳለፍሽው በጣም አዝናለሁ።

ካሜራው የአንድ ቤተሰብ ነው፣ መንገዱ ግን ከላይ ነው። በህጻኑ እርግብግቢት ላይ በትንሽ ቀዳዳ ኢንዶስኮፕ ይገባል፣ ውሃው ያለበት ክፍል ወለል ላይ ቀዳዳ ይከፈትለታል፣ ውሃው በራሱ መንገድ ይወርዳል። እቃ ሰውነቱ ውስጥ አይቀርም። ይሄን ለአፍሪካ ህጻናት ያስተካከለው ዋርፍ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ2000 ቤተሰቡን ይዞ ኡጋንዳ ሄዶ ምባሌ ላይ ሰራ። እሱ ያየው አንቺ ያየሽውን ነው። ሻንት ሲዘጋ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ መኪና የለም፣ መንገድ የለም፣ ልጁ መንገድ ላይ ይሞታል። ጨቅላ ህጻናት ላይ ቀዳዳው ብቻውን ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ውሃውን የሚያመርተውን ስስ ስጋ መተኮስ ጨመረበት። በ100 የኡጋንዳ ህጻናት ላይ በእጣ ተከፍለው የተሰራው ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአመታቸው የአእምሮ እድገታቸው ከሻንቱ ጋር የጎላ ልዩነት አልነበረውም። ከአፍሪካ ሄዶ አሜሪካ የገባ ህክምና ነው፣ በዚህ በጣም እኮራለሁ። ለሁሉም ልጅ አይሆንም፣ ሻንት የገባለትም ላይ አንዳንዴ ይሞከራል፣ የናቲን ምስል አይቶ ሐኪሙ ነው የሚወስነው። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ "በኢንዶስኮፕ ይሆንለታል ወይ" ብለሽ በግልጽ ጠይቂ።

ሲስተር_ሐይፋ
አርብ፣ ጠዋት 4 ሰአት

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። የአንጎል ህክምና ከተነሳ የአባቴን ልጨምር። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፓርኪንሰን አይደለም፣ ሌላው አይነት። ሻይ በሁለት እጅ ይዘውም ይፈስባቸዋል፣ ሰው ፊት መብላት ትተው ነበር። ራምባም ሆስፒታል ጸጉራቸው ተላጨ፣ ኤምአርአይ ውስጥ ከነሙሉ ንቃታቸው ገቡ፣ ከ1000 በላይ የድምጽ ጨረሮች ከውጭ ሆነው አንጎላቸው ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተው አቃጠሏት። ቢላ የለ፣ ቀዳዳ የለ። በየመሃሉ ያወጧቸውና ክብ እንደ ጠመዝማዛ መስመር ያስስሏቸዋል፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው መስመር ተንጨባሮ ነበር፣ የመጨረሻው ላይ ጥርት አለ። በቀኝ እጃቸው ስማቸውን በአማርኛ ጻፉ። መሳሪያው እዚሁ እስራኤል ነው የተሰራው፣ የአሜሪካው የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2016 እ.ኤ.አ. ፈቀደው። ግራ እጃቸው ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ወገን ብቻ ነው የተሰራላቸው። ለዕጢ አይሆንም ለእናትሽ፣ ተስፋ እንዲሆንሽ ብዬ ነው።

የደብረብርሃኗ
ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰአት

ሰላም ቤተሰቦቼ። ዝም ያልኩት ሆስፒታል ሆኜ ነው።

እማዬ ተሰራች። ፕሮላክቲኗ ተመርምሮ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ ያለው፣ ዕጢው ስለተጫነው ነው አሉን፣ በኪኒን የሚሆን አይነት አይደለም። ጠዋት 3 ሰአት ገብታ 8 ሰአት ወጣች። በሩ ላይ አጎቴ ከኔ በላይ ሲመላለስ ነበር። አብዛኛው ወጥቷል፣ በግራ በኩል ደም ስሩ ጋር የተጠጋች ትንሽ ነገር ትተናል አለን ሐኪሙ፣ ሳልጠይቀው ነው የነገረን። መርካቶ_ልጅ፣ ያንተን ነገር ባላነብ ያኔ እወድቅ ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ሲስተር፣ ሀይላንዱ አዳነን። በሁለተኛው ለሊት ከ8 ሰአት እስከ 10 ሰአት አንድ ሊትር ከግማሽ ሞላ፣ ምልክቱን አሳየኋቸው፣ ደም ወሰዱ፣ መድሃኒት ሰጧት። በሶስት ቀኑ ተስተካከለ። አፍንጫዋ አላፈሰሰም። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ኪኒኗን በእጃቸው ሰጧት።

አይኗን እነግራችኋለሁ። በ3ኛው ቀን ምሳ ሳቀርብላት "ነጠላሽ ቆሽሿል" አለችኝ፣ ከጎኗ ቆሜ እያለሁ፣ ፊቷን ሳታዞር። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። የግራው በጣም ተሻሽሏል፣ የቀኙ ጠርዝ አሁንም ጨለማ ነው፣ የአይን ሐኪሙ ነርቩ ስለሳሳ ያ ምናልባት እንዲሁ ሊቀር ይችላል ብሎናል። የመነጽሩ ወራት ያንገበግበኛል። ትናንት ቡና አፈላች፣ ጎንበስ እንዳትል ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አድርገንላት። አምስቱን ሞላች። ስድስተኛዋን አክስቴ ዝም ብላ ወደ መሃል ገፋ አደረገችላት።

የቡልጋው_ሜሪላንድ
እሁድ፣ ከለሊቱ 5 ሰአት

እልል! ስግደቱ ግን አደራ። የ3 ወሩ ኤምአርአይ እንዳይቀር፣ የቀረችዋን ነገር የሚጠብቃት እሱ ነው።

ስደተኛዋ_ሪያድ
ሰኞ፣ ከለሊቱ 7 ሰአት

እንኳን እናትሽን ማረልሽ። እኔም ሄድኩ። እዚህ ክር ላይ አይታኝ በውስጥ የጻፈችልኝ የሐረር ልጅ ናት ይዛኝ የሄደችው፣ ትርጉሙንም እሷ ነበረች። ፕሮላክቲኔ በጣም ከፍተኛ ነው፣ ኤምአርአዩ ላይ 7 ሚሊሜትር ዕጢ አለ። የእርግዝና ምርመራው የለም የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፣ ለማዳሜ ራሴ አሳየኋት፣ አንብባ "ለምን አልነገርሽኝም" አለችኝ። ኪኒኑን ጀምሬያለሁ፣ ግማሽ ግማሽ ሰኞና ሐሙስ። ዶክተር አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ጠዋት ስወስደው ያዞረኛል ያቅለሸልሸኛል፣ ደረጃ ስጠርግ ልወድቅ ነበር፣ ላቋርጠው?

ኒውሮ_ሬዚደንት
ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰአት ተኩል

አታቋርጪው። ማታ ልትተኚ ስትይ እራት በልተሽ ውሰጂው፣ ከአልጋ ስትነሺ ቀስ ብለሽ ተቀምጠሽ ተነሺ። ብዙ ጊዜ በሁለት ሶስት ሳምንት ይለመዳል። በሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ ግን ለሐኪምሽ ደውይ፣ እኔም እዚሁ አለሁ ጻፊልኝ።